የአየር ርቀት ምንድን ነው? ለፍጥነት ሲካፈል ለምን የበረራ ሰዓት አይሆንም?

«ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአየር 253 ኪሎ ሜትር ነው፤ አውሮፕላኑ በሰዓት 667 ይበራል፤ 23 ደቂቃ ማለት ነው። ትኬቱ ላይ ሰዓት ገደማ የሚጻፈው ቁጭ በሉ ነው» የሚል ተቺ አይጠፋም። ማካፈሉን ችሎበታል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ናቸው አብረው የማይሄዱት።

የአየር ርቀት በምድር ገጽ ላይ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኝ አጭሩ መስመር ነው፣ በቃ። አውሮፕላኑ የሚሄድበት መንገድ አይደለም። 667ቱም ኪው 400 የተባለው አውሮፕላን ከፍታውን ይዞ ሲበር የሚደርስበት ጣሪያ እንጂ አማካይ ፍጥነቱ አይደለም። (የደሴን ርቀት የምትፈልጉም አስተውሉ፦ ደሴ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ የምታርፉት ኮምቦልቻ ነው።)

ከደሴ መናኸሪያ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ አስቡ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ80 ቢነዳ በተቺያችን ስሌት 19 ደቂቃ ይሆናል። በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው ይስቃል! ሾፌሩ መጀመሪያ በባጃጅ መሀል እየተሽሎከለከ ከከተማው ይወጣል፤ ከዚያ ጠመዝማዛውን ፍሬን ይዞ ይወርዳል፤ 80ን ካያትም ሜዳው ላይ ለጥቂት ደቂቃ ነው። ቦሌም እንደዚያው መናኸሪያ ነው። አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ወጥቶ ወረፋ ይጠብቃል፤ ማኮብኮቢያው የተዘረጋው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ከተነሳ በኋላ ወደ ሰሜን መዞር አለበት፤ ሽቅብ ሲወጣም ፍጥነቱ ገና አልሞላም። ሐረጎም አለው። ቁልቁል ሲወርድ ለየ1,000 ጫማው 3 ኖቲካል ማይል ያስፈልገዋል። 21,000 ጫማ ላይ ከነበረ፣ የኮምቦልቻ ማረፊያ ደግሞ 6,100 ጫማ ገደማ ስለሆነ፣ 15,000 ጫማ ለመውረድ 45 ኖቲካል ማይል ይፈጅበታል፤ ይህም 83 ኪሎ ሜትር ነው። ከጠቅላላው ርቀት ሲሶው መውረጃ ሆነ ማለት ነው።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከተነቃነቀበት አንስቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለው ነው፤ ብሎክ ታይም ይባላል። አየር ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቁጥር ነው የሚጠይቀው።

ለግምት ያህል፣ ርቀቱን ለፍጥነቱ አካፍላችሁ 30 ደቂቃ ጨምሩ። የላሊበላ ማረፊያ ከቦሌ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ በረራው ግን የሚረዝመው በ7 ደቂቃ ያህል ነው። መነሳቱና ማረፉ ለሁለቱም ስለማይቀር ትርፉ መንገድ የሚሸፈነው በሙሉ ፍጥነት ነው።

ነፋስ ለኮምቦልቻ ቢያሳጥር ቢያስረዝም ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ነው። ረጅም በረራ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳያርፍ የሚመጣው በረራ ሲሄድ ለዓመታት መሀል ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ሲያርፍ ኖሯል። ቦሌ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብዳል። ወደ ምዕራብ ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ከፊት ነው።