«ሶሎውን የነፋ የዘፈኑ ባለቤት ነው» እና ሌሎች ስህተቶች

በሮክ ባንድ ውስጥ ሳክስፎን እነፋለሁ፣ ጊታር እጫወታለሁ፣ ግጥምና ዜማም እደርሳለሁ። ስለ ሥራዬ የምሰማቸው ስህተቶች ዓመት አልፎ ዓመት ቢተካም አይለወጡም።

«ሳክስፎን የናስ መሣሪያ ነው።» አካሉ ናስ ነው፤ ድምፁ የሚወለደው ግን አፍ ላይ ከሚርገበገበው ሸንበቆ ስለሆነ ወገኑ እንደ ክላርኔት ከእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች ነው።

«ሳክስ ለጃዝ እንጂ ለሮክ አይሆንም።» ይህን የሚል ሰው ሳክስፎኒስቱ ክላረንስ ክሌመንስ ከሮክ ዘፋኙ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ጎን ቆሞ ሲነፋ አልሰማም።

«ጊታር የሚችል ሰው ሳክስ አይከብደውም።» ጊታሪስት ኢ በሚባለው ቁልፍ (ዜማው በሚነሳበት ድምፅ) መጫወት ይወዳል፤ ክፍት ክሮቹ ያግዙታል። ሳክስ ላይ ግን የሚጻፈው ኖታና የሚሰማው ድምፅ ስለሚለያዩ ያው ኢ ለቴነር (ወፈር ላለው) ሳክስ ኤፍ ሻርፕ፣ ለአልቶ (ቀጠን ላለው) ሲ ሻርፕ ይሆናል፤ ስድስትና ሰባት ሻርፕ፣ ማለትም በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚሉ ኖታዎች፣ ማለት ነው። ራሴ በጊታር የደረስኩትን ዘፈን በአልቶ አጥርቼ ለመንፋት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

የሚያንገበግበኝ ግን ይኼኛው ነው፦ «ሶሎውን የነፋ የዘፈኑ ባለቤት ነው፤ ገንዘቡም ይደርሰዋል።» አይደርሰውም! ሶሎ፣ ማለትም አንድ ተጫዋች ጎልቶ የሚሰማበትን ክፍል፣ መጫወት ሌላ፣ ዘፈኑን መድረስ ሌላ። የደራሲነት ክፍያ የሚሄደው ስሙ በደራሲነት ለተመዘገበ ሰው ነው፤ ለቀረጻ የተጠራ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ የዕለቱን ተቀብሎ ይሸኛል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን «ቤከር ስትሪት» የተባለ ዘፈን ዓለም የሚያስታውሰው በራፋኤል ሬቨንስክሮፍት ሳክስ ነው፤ በደራሲነት የተመዘገበው ግን ዘፋኙ ጄሪ ራፈርቲ ብቻ ነው።

መብትን ዘግይቶ መጠየቅም ዋጋ ያስከፍላል። ፕሮኮል ሃረም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ማቲው ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1967 ለወጣው «ኤ ዋይተር ሼድ ኦፍ ፔል» ለተባለው ዝነኛ ዘፈናቸው የኦርጋኑን ዜማ ፈጥሮ ነበር። ከዜማው መብት 40 በመቶ የእሱ መሆኑ በእንግሊዝ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የጸናለት በ2009 ነው። ያውም ጥያቄውን ካነሳበት ከ2005 ወዲህ ላለው ገቢ እንጂ የቀድሞው 38 ዓመት ገንዘብ ቀርቶበታል።

እኔም በጀማሪነቴ፣ ልምምድ ላይ ያወጣሁት የሳክስ ሐረግ የአንድ ዘፈን መግቢያ፣ ማሰሪያም ሆነ። ዘፈኑ ሲወጣ ደራሲው ዘፋኙ ብቻ ነበር። ስጠይቅ «አንተ እኮ ነፋህ እንጂ አልደረስክም» አሉኝ። በእጄ አንዲት ማስረጃ አልነበረችም።

ስለዚህ ልጆች፣ ልምምዱን በስልካችሁ ቅረጹ። ማን ምን እንዳወጣ፣ ድርሻው ስንት በመቶ እንደሆነ በዚያው ቀን ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ። «ጓደኛሞች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚል ካለ መጀመሪያ እሱ ይፈርም። እኛ ባንድ ውስጥ ወረቀቱ ሳይፈረም ቀረጻ የለም።