የቤት ድምፅ መሣሪያ ጥገናና የአምራች ድጋፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤቶች መደርደሪያ ላይ ባለቤታቸው ተስፋ ቆርጦባቸው የቀሩ አምፕሊፋየሮች፣ ሆም ቲያትሮችና ቴፖች አቧራ ለብሰው ይታያሉ። በእኔ እምነት ከእነዚህ ብዙዎቹ የቀሩት ጥገና አጥተው አይደለም፤ ባለቤታቸው ከሻጩ፣ ከአስመጪውና ከአምራቹ ምን መጠየቅ እንደሚችል የሰማው ወሬ የተሳሳተ ስለሆነ ነው። በብዛት የሚሰሙትን አንድ በአንድ ላንሣ።

«ጋራንቲው ዓለም አቀፍ ነው፤ የትም ቢገዛ ይሠራል።»

ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚያስወጣው ስሕተት ይህ ነው። በወሎ ዓረብ አገር የሄደ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ በሻንጣም በካርጎም ከሚመጣው ዕቃ መካከል የድምፅ መሣሪያ አይጠፋም። ታላላቅ አምራቾች የሚሰጡት ዋስትና ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው በተሸጠበት አገር የተወሰነ ስለሆነ፣ ጅዳ የተገዛን መሣሪያ እዚህ ያለ ወኪል በነፃ እንዲጠግን ማስገደድ አይቻልም። ከዋስትናው የሚብሰው ደግሞ የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። የእኛ አገር መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ የምትጠቀመው 60 ኸርዝ ነው፤ በዚያ አገር ለረጅም ዘመን በ127 ቮልት የሚሠሩ ቤቶችም ነበሩ። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ የጃፓኑ 100 ቮልት ነው። ስለዚህ ሶኬቱ ከመሰካቱ በፊት በመሣሪያው ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ይላል። «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ከሆነ በቀጥታ ቢሰካ ችግር የለውም። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ይህም ቢሆን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ በውስጡ ከባድ ትራንስፎርመር የተሸከመ የቆየ አምፕሊፋየር በ50 ኸርዝ ከወትሮው በላይ ሊሞቅ ይችላል። ባለማወቅ 220 ላይ የተሰካ ባለ 120 ቮልት መሣሪያ ሲቃጠል፣ ጥፋቱ የአምራቹ ነው ብሎ የሚቀበል የጥገና ማዕከል አይገኝም።

«ዕቃው ከሱቅ ከወጣ በኋላ ሻጩን አይመለከተውም።»

ይመለከተዋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ቢያገኝ፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። ለዚህ ሁሉ መያዣው ደረሰኝ ነው። ዋጋ ይቀንስልኛል ብሎ ያለ ደረሰኝ የሚገዛ ሰው የቀነሰለትን ያህል መብቱንም አብሮ እንደሚሸጥ ሊያውቀው ይገባል፤ ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም።

«ዋስትናው ካለቀ አምራቹ አያነጋግርም።»

የነፃ ጥገናና የድጋፍ አገልግሎት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ አምራቾች የአጠቃቀም መመሪያቸውን በድረ ገጻቸው ላይ ለማንም በነፃ ያስቀምጣሉ፤ የሶፍትዌር ማሻሻያ ያላቸው መሣሪያዎችም ብዙ ጊዜ በፍላሽ ይታደሳሉ። ለዚህ የሚፈለገው የሞዴል ቁጥር ነው፤ እሱም ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ስም ሳይሆን ከኋላ ወይም ከሥር በትንንሽ ፊደል ከመለያ ቁጥሩ ጋር የሰፈረው ነው። መሣሪያው ቡፌ ላይ ከመቀመጡ በፊት ያን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ በኋላ ብዙ ድካም ያስቀራል።

መመሪያ ማንበብ ምን እንደሚጠቅም በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አምፕሊፋየሩ ሲበራ መስኮቱ ላይ «ፕሮቴክት» የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ድምፅ ሲከለክል፣ ብዙ ሰው ተቃጠለ ብሎ ይደመድማል። ጽሑፉ የሚለው ግን መሣሪያው ራሱን ለመከላከል መውጫውን እንደዘጋ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ የስፒከር ሽቦዎቹ በሙሉ ከጀርባው ይፈቱ፤ ከዚያ ምንም ሳይገናኝበት መልሶ ይብራ። ጽሑፉ ከጠፋ ችግሩ ያለው ከውጭ ነው፦ ከቀይና ከጥቁር ማሰሪያው አንዲት የሽቦ ክር አፈንግጣ ጎረቤቷን ነክታለች፣ ወይም ከስፒከሮቹ አንዱ ተበላሽቷል። ካልጠፋ ብልሽቱ ከውስጥ ነውና የባለሙያ ድርሻ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ካቻቢቴ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል።

«በዋስትና ጊዜ ውስጥ የደረሰ ብልሽት ሁሉ በነፃ ይጠገናል።»

የዋስትና ወረቀቶች በአብዛኛው የሚሸፍኑት የአሠራር ጉድለትን ነው። በክረምት መብረቅ ወይም መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚመጣ ከፍተኛ ቮልት የተጎዳ፣ ፈሳሽ የገባበት፣ ወይም ከአቅሙ በላይ ተከፍቶ ስፒከሩ የተቃጠለ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ነው።

«ስሙ ያው ከሆነ ኩባንያውም ያው ነው።»

አይዋ በ2002 እ.ኤ.አ. ከሶኒ ጋር ተዋህዶ ስሙ በኋላ ወደ ሌሎች እጅ አልፏል፤ ሳንዮ በፓናሶኒክ ተጠቅልሏል፤ ፊሊፕስም የድምፅ መሣሪያዎቹን ስሙን በፈቃድ ለሚጠቀሙ ሌሎች አምራቾች ትቷል። ስለዚህ የድሮውን መሣሪያ መለዋወጫ ከአዲሱ ባለ ስም መጠበቅ ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው።

«የሠፈር ጠጋኝ ያበላሻል፤ ኩባንያው ብቻ ይንካው።»

ዋስትናው እስካላለቀ ድረስ እውነት አለው፤ ክዳኑ ከተከፈተ ክርክር ይመጣልና ማንም አይንካው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የኩባንያ ማዕከላት ብዙ ጊዜ የሚቀይሩት ሙሉውን ቦርድ ነው፤ ያ ቦርድ መመረቱ ካቆመ ደግሞ «መለዋወጫ የለም» ብለው ይመልሳሉ። ጎበዝ የደሴ ጠጋኝ በዚያው ቦርድ ላይ ያበጠውን ካፓሲተር ወይም የተቃጠለውን ትራንዚስተር ለይቶ ነቅሎ ይተካል። ባለቤቱ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ የተነቀለው ዕቃ እንዲመለስለት፣ ፊውዙም በተጻፈበት አምፔር ልክ እንዲተካ። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ አጥልቆ «ሠራ» የሚል ጠጋኝ ካጋጠመ መሣሪያውን ይዞ መውጣት ይሻላል፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ፣ ከባሰም ቤቱ ነውና።

«አዲስ አበባ ከተላከ የቀረውን እነሱ ያውቃሉ።»

መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አምፕሊፋየር በፌስታል ታስሮ አውቶቡስ ላይ ከተጫነ ሲነሣ ያልነበረበትን ብልሽት ጨምሮ ሊደርስ ይችላል። ከተገኘ በራሱ ካርቶንና ስፖንጅ ይታሸግ፤ ሲዲ ካለበት አስቀድሞ ይውጣ። «አይሠራም» የሚል ወሬ ጠጋኙን ከዜሮ ያስጀምረዋል፤ «ሲበራ ደኅና ነው፣ ከሞቀ በኋላ ግን የግራው ድምፅ ይቆራረጣል» የሚል ወረቀት ግን ፍለጋውን ያሳጥረዋል። ዕቃውን የሚያደርሰው ሰው ማዕከሉ በሚሰጠው የመረከቢያ ወረቀት ላይ የመለያ ቁጥሩ መጻፉን ሳያይ አይመለስ።