የቤዝቦል ገበያ፦ ገንዘብ ስንት ድል ይገዛል?

በአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ ውስጥ 30 ክለቦች አሉ። እያንዳንዳቸው በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ያደርጋሉ። መስከረም ሲጋመስ 12ቱ ወደ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ወደ ጥሎ ማለፉ፣ ያልፋሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ወርልድ ሲሪስ ላይ ይገናኛሉ። ዋንጫው ከተነሳ ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ ገበያው ይከፈታል። ኮንትራታቸው ያለቀ ተጫዋቾች፣ በተለምዶ ፍሪ ኤጀንት የሚባሉት፣ ከፈለጋቸው ክለብ ሁሉ ጋር መፈረም ይችላሉ። ገበያው እስከ ፌብሩዋሪ ይደራል። ያኔ ክለቦቹ ለልምምድ ፍሎሪዳና አሪዞና ይከትታሉ፤ ደጋፊውም «ዘንድሮስ?» ማለት ይጀምራል።

እግር ኳስ ለሚከታተል ሰው ነገሩ ኮንትራቱ ያለቀ ተጫዋች በነፃ ክለብ እንዲቀይር ከፈቀደው ከቦስማን ሕግ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ቤዝቦል በ20 ዓመት መቅደሙ ነው። የቦስማን ውሳኔ በዲሴምበር 1995 ተሰጠ፤ የቤዝቦሉ በዲሴምበር 1975 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ በፊት አንድ ተጫዋች ካስፈረመው ክለብ የሚላቀቀው ክለቡ ሲሸጠው፣ ሲለውጠው ወይም ሲያሰናብተው ብቻ ነበር። ኮንትራቱ ላይ «ክለቡ ለአንድ ዓመት ማራዘም ይችላል» የሚል አንቀጽ ነበር። ባለቤቶቹ ያችን አንድ ዓመት ዕድሜ ልክ አደረጓት።

ይህን በአደባባይ ከተጋፈጡት ስሙ የገነነው ተጫዋች ከርት ፍለድ ነው። 12 ዓመት ከተጫወተበት ከሴንት ሉዊስ ወደ ፊላደልፊያ በ1969 ሲለውጡት አልሄድም አለ። እንደ ዕቃ የምሸጥና የምለወጥ አይደለሁም ብሎ ለሊጉ ኮሚሽነር ጻፈ። ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1972 5 ለ 3 ተረታ። እሱ ምንም ሳያገኝ የጨዋታ ዘመኑ አከተመ፤ በሩ ግን ተነቃንቆ ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ አንዲ ሜሰርስሚዝና ዴቭ ማክናሊ የተባሉ ኳስ ወርዋሪዎች ሳይፈርሙ አንድ ዓመት አሳለፉና «ዓመቱ አልቋል፣ ነፃ ነን» አሉ። ገላጋይ ዳኛው ፒተር ሳይትስም አንድ ዓመት ማለት አንድ ዓመት ነው ብሎ ፈረደላቸው። ባለቤቶቹ ሳይትስን ወዲያው አባረሩት። ውሳኔው ግን ጸና።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ብልጠት ይታይበታል። የኦክላንድ ክለብ ባለቤት የነበረው ቻርሊ ፊንሊ «ሁሉንም በየዓመቱ ነፃ እናድርጋቸው» የሚል ሐሳብ አቀረበ። የተጫዋቾቹን ማኅበር ይመራ የነበረው ማርቪን ሚለር የፈራው ይህንኑ ነበር። ገበያው በተጫዋች ከተጥለቀለቀ ዋጋ ይወርዳል። ደግነቱ ፊንሊን የሰማው አልነበረም። በ1976 ስምምነት ተደረሰ፦ ተጫዋቹ ነፃ የሚሆነው ስድስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው። በየዓመቱ ገበያ የሚወጣው ሰው ጥቂት ሆነ፤ ዋጋውም ሰማይ ነካ።

ያች የስድስት ዓመት ሕግ ዛሬም አለች። የዛሬው ገበያ ችግርም ጥቅምም ከእሷ ይመነጫል። መጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ላይ ተጫዋቹ ዝቅተኛውን ደመወዝ ወይም ከሱ ጥቂት ከፍ ያለ ያገኛል። በ2025 ዝቅተኛው 760 ሺህ ዶላር ነበር። ለእኔና ለአንተ ብዙ ነው። ግን የፒትስበርጉን ፖል ስኪንስን ተመልከት፦ በዚያ ዓመት ከሊጉ ሁለት ክፍሎች በአንዱ ምርጥ ኳስ ወርዋሪ ተብሎ የሳይ ያንግ ሽልማት ሲወስድ ደመወዙ 875 ሺህ ዶላር ብቻ ነበር። ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ካልተስማሙ ገላጋይ ዳኛ ደመወዙን ይወስናል። ከስድስተኛው በኋላ ነፃ ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ተጫዋች 30 ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል። ክለቦች ትልቁን ገንዘብ የሚከፍሉት እንግዲህ ጉልበቱ መቀነስ ለሚጀምር ሰው ነው። ሒሳቡን የሚያወጡት ትናንት በሠራው፣ የሚያገኙት ግን ነገ የሚሠራውን ነው።

ክለቦች በዚህ ሕግ ላይ የሚሠሩትን ተንኮል ለማየት የቺካጎ ከብስን ክሪስ ብራያንት ማስታወስ ይበቃል። አንድ የአገልግሎት ዓመት የሚቆጠረው 172 ቀን ሲሞላ ነው። በ2015 ከብስ ብራያንትን ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጨዋታዎች ታችኛው ሊግ ላይ አቆየው። ዓመቱን በ171 ቀን ጨረሰ። በአንዲት ቀን ጉድለት ነፃነቱ አንድ ዓመት ተገፋ። ቢከራከርም አልሆነለትም። በ2022 ኮሎራዶ 182 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው በጉዳት ነው። ኮንትራቱ ደግሞ ዋስትና ያለው ነው። ተጫዋቹ ቢጎዳም ባይጎዳም ይከፈለዋል።

ገበያው እንዴት እንደሚያሞኝና እንደሚያስደስት አንድ ላይ ማየት ለሚፈልግ ከዋሽንግተን ናሽናልስ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። በዲሲና በአካባቢው የሚኖር ሐበሻ ቤዝቦል ባይከታተል እንኳ በጨዋታ ቀን ወደ ኔቪ ያርድ የሚሄደውን ግሪን ላይን ባቡር የሚሞሉትን ቀይ ኮፍያዎች ያውቃቸዋል። ክለቡ በ2018 መጨረሻ ትልቁን ኮከቡን ብራይስ ሃርፐርን አጣ። የ300 ሚሊዮን ጥያቄ አቅርቦለት ነበር። እሱ ግን በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ለፊላደልፊያ ፈረመ። የዋሽንግተን ሰው አንጀቱ አረረ። ሃርፐር ኤፕሪል ላይ ሲመለስ ስታዲየሙ በጩኸት ተቀበለው።

ክለቡ ያንን የውድድር ዘመን በ19 ድልና በ31 ሽንፈት ጀመረ። ሁሉም አበቃለት ብሎ ነበር። ኦክቶበር ላይ ግን ሂውስተንን በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። የሃርፐር ፊላደልፊያ 81 አሸንፎ 81 ተሸንፎ ቤቱ ቀረ። ዋሽንግተንን ከተሸከሙት አንዱ ሁዋን ሶቶ የተባለ ገና 21 ዓመት የሞላው ልጅ ነበር፤ የዚያ ዓመት ደመወዙ 600 ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም።

ከዚያ የመጣውን ተመልከቱ። የወርልድ ሲሪሱ ኮከብ ስቴፈን ስትራስበርግ በዲሴምበር 245 ሚሊዮን ዶላር ተፈረመለት። ከዚያ በኋላ የተጫወተው ስምንት ጨዋታ ነው። በጉዳት ምክንያት በ2024 ጡረታ ወጣ። እንዲሄድ የተፈቀደለት አንተኒ ሬንዶን ከአናሃይም ያው 245 ሚሊዮን አገኘ፤ እዚያ ሆኖ በአንድም ዓመት 60 ጨዋታ አልደረሰም። ክለቡ ማንኛቸውንም ቢመርጥ መከራው አይቀርለትም ነበር። ፓትሪክ ኮርቢን ደግሞ በ140 ሚሊዮን ተገዝቶ ሰባተኛውን ጨዋታ ያሸነፈላቸው ኳስ ወርዋሪ ነው፤ በ2022 ግን 19 ጊዜ ተሸንፎ በሽንፈት ብዛት ሊጉን መራ። ኮርቢን ከሰረ ወይስ አዋጣ? ለእኔ አዋጣ። ያለሱ ዋንጫው አይመጣም ነበር፤ ዋንጫ ደግሞ የሚመለስ ዕቃ አይደለም።

በ2022 ሶቶ ከዋሽንግተን የቀረበለትን 440 ሚሊዮን አልቀበልም ሲል ወደ ሳንዲያጎ ተለወጠ። ብዙዎች አብዷል ብለው ነበር። በዲሴምበር 2024 ለኒውዮርክ ሜትስ በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በስፖርት ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ኮንትራት እስከዚያ ቀን አልታየም። በመጀመሪያው ዓመት ሶቶ ጥሩ ተጫወተ፤ ሜትስ ግን በመጨረሻው ቀን ተሸንፎ ከፕሌይኦፍ ውጭ ሆነ።

ሎስ አንጀለስ ዶጀርስን ሳያነሱ ስለዚህ ገበያ ማውራት አይቻልም። በዲሴምበር 2023 ሾሄ ኦታኒን በ10 ዓመት 700 ሚሊዮን አስፈረሙት። ከዚያ ውስጥ 680ው የሚከፈለው ከ2034 ጀምሮ ነው፤ እስከዚያ በዓመት ሁለት ሚሊዮን ብቻ ይወስዳል። ቤዝቦል የደመወዝ ጣሪያ የለውም። ያለው የቅንጦት ግብር ነው፦ በ2025 የደመወዝ ድምሩ ከ241 ሚሊዮን ያለፈ ክለብ ባለፈበት መጠን ላይ ይቀጣል፤ በተደጋጋሚ ሲያልፍ ቅጣቱ ይከብዳል። ለ2024 ዶጀርስ የከፈሉት ግብር ብቻ 100 ሚሊዮን አልፏል። ያም ሆኖ 2024ንም 2025ንም አሸነፉ። ከ1998 እስከ 2000 ሦስቴ ካሸነፈው ከኒውዮርክ ያንኪስ ወዲህ ዋንጫውን በተከታታይ የወሰደ አልነበረም። ለሩብ ምዕተ ዓመት ማለት ነው።

ይህን ያየ «በቃ፣ ገንዘብ ያለው አሸናፊ ነው» ይላል። ግን በ2025 በመደበኛው ውድድር ከሁሉም በላይ ያሸነፈው ሚልዋኪ ነው። 97 ጨዋታ፣ ያውም ከዝቅተኛ ከፋዮቹ ተርታ ሆኖ። ፕሌይኦፍ ላይ ግን ዶጀርስ አራት ለባዶ ሸኙት። በ2023 ደግሞ አሪዞና በ84 ድል ብቻ ወርልድ ሲሪስ ደርሷል። በ162 ጨዋታ ምርጥ የተባለው ክለብም 60 ጊዜ ገደማ ይሸነፋል። አጭር ፕሌይኦፍ ላይ ማንም ማንንም ይጥላል።

ስለዚህ አዲስ የውድድር ዘመን ሲመጣ የአንድን ክለብ ተስፋ የምመዝነው ባስፈረመው ስም ብዛት አይደለም። መጀመሪያ የማየው ከስድስት ዓመት በታች ያሉትን ርካሽ ልጆቹን ነው። ቀጥሎ የኳስ ወርዋሪዎቹን ክንድና ክርን ጤና። የተገዛው ኮከብ ሦስተኛ ነው። ጥሩ መሠረት ላይ ሲጨመር ያዋጣል፤ ባዶ ላይ ሲጨመር ግን ቴክሳስ በ2000 አሌክስ ሮድሪጌዝን በ252 ሚሊዮን አስፈርሞ በተከታታይ ሦስት ዓመት ከምድቡ መጨረሻ እንደወጣው ይሆናል። ያው ቴክሳስ በ2021 ኖቬምበር መጨረሻ ኮሪ ሲገርን በ325፣ ማርከስ ሴሚየንን በ175 ሚሊዮን ገዛ። በቀጣዩ ዓመት 94 ጊዜ ተሸነፈ። ከዚያ በ2023 ዋንጫውን አነሳ።

ሲገርና ሴሚየን በ2021 ለመፈረም የተጣደፉት በምክንያት ነበር። የባለቤቶቹና የማኅበሩ ስምምነት ዲሴምበር 1 ሊያበቃ ነበር። እንዳበቃም ባለቤቶቹ በሩን ዘጉ፤ እስከ ማርች 10 ቀን 2022 አንድም ፊርማ አልነበረም። የአሁኑ ስምምነትም የሚያበቃው ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ነው። ከባለቤቶቹ መካከል የደመወዝ ጣሪያ የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፤ ማኅበሩ ደግሞ ጣሪያ የሚባል ነገር መስማት አይፈልግም። በ1994 በዚሁ ጠብ ወርልድ ሲሪስ እስከ መሰረዝ ተደርሷል። ኮንትራታቸው በ2026 መጨረሻ የሚያልቅ ተጫዋቾች ወኪሎችም በኖቬምበር እንቅልፍ የሚያገኙ አይመስለኝም።