ዳርት የማን ነው? የአንድ የመጠጥ ቤት ጨዋታ አመጣጥና የአስተዳዳሪዎቹ ጠብ

ዳርት ትናንሽ ፍላጻዎችን ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለ ክብ ሰሌዳ የመወርወር የቤት ውስጥ ስፖርት ነው። ተጫዋቹ የሚቆምበት መስመር ከሰሌዳው ፊት 2.37 ሜትር ይርቃል፤ የሰሌዳው እምብርት ከወለሉ 1.73 ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። በአንድ ተራ ሦስት ፍላጻ ይወረወራል። ጨዋታው ከ501 ነጥብ ይነሣና የተገኘው ነጥብ እየተቀነሰ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ዜሮ ላይ የምታደርሰው የመጨረሻዋ ፍላጻ ግን የሰሌዳውን ጠርዝ በሚዞረው የእጥፍ ነጥብ ቀለበት ውስጥ ወይም በእምብርቱ ላይ መተከል አለባት። የቀለበቱ ስፋት 8 ሚሊሜትር ያህል ነው። ምሽቱን በሙሉ ሲመራ የቆየ ሰው እዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ሲደርስ እጁ ይከዳውና ዋንጫውን ያጣል። የዳርት ውበትም ጭካኔም ያለው እዚያ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ስፖርቱን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከሠራተኞች ውድድር ነው፤ ከዳማ፣ ከከረንቡላና ከጠረጴዛ ቴኒስ ጎን የየድርጅቱ ሠራተኛ ዳርት ሲወረውር ይታያል። ጨዋታው የተወለደውም ለሁለት የተከፈለውም ግን በእንግሊዝ አገር ነው። ታሪኩም እንደ ብዙዎቹ ስፖርቶች ታሪክ ስለ ሻምፒዮኖች ብቻ አይደለም። አንድን ጨዋታ ያደራጀው ነው ወይስ የሚጫወተው ነው ባለቤቱ የሚለው ጥያቄ ጓደኛሞችን ለዓመታት ያቆራረጠበት ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ጥንተ አመጣጡ የሚወራው ብዙ ነው። ወታደሮች በእረፍት ሰዓታቸው የተሰበሩ ቀስቶችን በወይን በርሜል ክዳን ላይ ሲወረውሩ ተጀመረ የሚለው ትረካ በሰፊው ቢነገርም ማስረጃ አልተገኘለትም። በሰሌዳው ላይ ያሉትን 20 ቁጥሮች አሁን ባሉበት ቅደም ተከተል የደረደረው ብራያን ጋምሊን የተባለ አናጢ ነው፣ ዓመቱም 1896 ነው ይባላል፤ እሱንም የሚያረጋግጥ መዝገብ የለም። የአደራደሩ ብልሃት ግን ማንም የፈጠረው ቢሆን የሚደነቅ ነው። ትልቁ ቁጥር 20 የተቀመጠው በ1 እና በ5 መካከል ነው፤ 19 ደግሞ በ3 እና በ7 መካከል። ስስታም ሆኖ ወደ ትልቁ ያለመ፣ እጁ ጥቂት ካዘነበለ ትንሹን ያፍሳል።

በዳርት ወዳጆች ዘንድ እንደ ገድል የሚተረክ ሌላ ታሪክም አለ። በ1908 በሊድስ ከተማ አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት የዕድል ጨዋታ አጫውተሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ ሰሌዳው በፍርድ ቤቱ ተሰቀለ፤ ሰውየው ሦስቱንም ፍላጻ 20 ላይ ተከለ፤ ዳኞቹም ይህ ዕድል ሳይሆን ችሎታ ነው ብለው አሰናበቱት ይላል። የታሪክ አጥኚዎች ይጠራጠሩታል። ሆኖም ሕዝቡ ይህን ታሪክ አጥብቆ መያዙ አይገርምም፤ ዳርት ቁምነገር ያለው ስፖርት መሆኑን ለማሳመን ከመቶ ዓመት በላይ ሲሟገት ኖሯልና።

የሰሌዳው ታሪክ ከዚህ የተሻለ ይታወቃል፤ ለእኛም ይቀርበናል። የጥንቱ ሰሌዳ ከእንጨት ግንድ የተቆረጠ ነበር። በቀን ሲወጋ የዋለው እንጨት ቀዳዳዎቹ እንዲገጥሙ ሌሊቱን እርጥበት ውስጥ ያድር ነበር። በ1920ዎቹ ከጭቃ መሰል ነገር የተሠራ ሰሌዳ መጣ፤ የሠራው ኩባንያ ኖዶር የተባለው ያ ጭቃ ሽታ ስለሌለው ነው። በ1930ዎቹ ደግሞ ዛሬም ያልተተካው መፍትሔ ተገኘ፤ ቃጫ። እኛ ገመድና ጆንያ የምንሠራበት ቃጫ ተጨምቆና ተቆርጦ፣ ጭረቱ ወደ ፊት እንዲያይ ተደርጎ በክብ ይታሰራል። ፍላጻዋ በጭረቶቹ መካከል ገብታ ትቆማለች፤ ስትነቀል ጭረቶቹ ተመልሰው ይገጥማሉ። በዓለም መድረክ ላይ ለሚታዩት ሰሌዳዎች የሚውለው ቃጫ በአብዛኛው ከምሥራቅ አፍሪካ፣ በተለይም ከኬንያ የሚሄድ ነው።

ጨዋታው ለረጅም ጊዜ አንድ ወጥ ሕግ አልነበረውም። ዮርክሻየር ሦስት እጥፍ ነጥብ የሌለው የራሱ ሰሌዳ ነበረው፤ ማንችስተር ሌላ፣ የለንደን ምሥራቅ ሠፈሮች ሌላ። የመወርወሪያው ርቀትም ከአገር አገር ይለያይ ነበር። ይህን መልክ ማስያዝ የጀመሩት በ1920ዎቹ ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ብሔራዊ የዳርት ማኅበርና በ1927 የተጀመረው የኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ ጋዜጣ ውድድር ናቸው። በ1939 ለንደን ውስጥ በተደረገው የዚህ ውድድር ፍጻሜ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ተገኝቶ ነበር። ልብ በሉ፤ ቴሌቪዥን በሌለበት፣ ከሩቅ የሚታየው የወርዋሪው ጀርባ ብቻ በሆነበት ጊዜ ነው።

ዘመናዊውን አስተዳደር የመሠረተው ኦሊ ክሮፍት ነው። በሴራሚክ ንጣፍ ንግድ የሚተዳደር ሰው ነበር። በጥር 1973 በሰሜን ለንደን ከሚገኘው መኖሪያ ቤቱ የብሪታኒያ ዳርት ድርጅትን አቋቋመ፤ ብዙዎች የሚያውቁት ቢዲኦ በሚለው ምሕጻር ነው። ድርጅቱ የተገነባው ከታች ወደ ላይ ነበር፤ የሠፈር መጠጥ ቤት ቡድን፣ ከዚያ ሊግ፣ ከዚያ ካውንቲ (አውራጃ)፣ ከዚያ አገር። ነጥብ የሚጽፈው፣ መድረክ የሚያዘጋጀው፣ ዳኛ የሚሆነው አብዛኛው ያለ ደመወዝ ነበር። በ1976 የዓለም ዳርት ፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ በ1978 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በኖቲንግሃም የምሽት ክበብ ውስጥ ተካሄደና ዌልሳዊው ሌይተን ሪስ አሸንፎ 3 ሺህ ፓውንድ ወሰደ። ይህን መሠረት ሳያመሰግኑ ማለፍ ግፍ ነው። የኋላዎቹ ሚሊየነሮች በሙሉ የበቀሉት ከዚህ ነጻ ጉልበት ነው።

ቴሌቪዥን ጨዋታውን ወደደው። ማያ ገጹ ለሁለት ተከፍሎ በአንዱ ወገን የወርዋሪው ፊት፣ በሌላው ሰሌዳው እንዲታይ የተደረገው ዘዴ ተመልካቹን በቤቱ አስቀምጦ ትንፋሹን ያስይዘው ነበር። ኤሪክ ብሪስቶ ከ1980 እስከ 1986 አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከ1986 ጀምሮ ሻምፒዮናው በሰሪ አውራጃ ወደሚገኘው ሌክሳይድ ክበብ ገባ፤ ቦታውም ለስፖርቱ እንደ ደብር ሆነ።

ጮማው ዘመን ግን አልቆየም። ተጫዋቾቹ በመድረክ ላይ ሲጠጡና ሲያጨሱ የሚታይበት ምስል ስፖርቱ ላይ ተለጠፈ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጣቢያዎቹ አንድ በአንድ ተዉት፤ በ1989 በቴሌቪዥን የሚታይ ትልቅ ውድድር የቀረው የዓለም ሻምፒዮናው ብቻ ነበር። ዳርትን እንጀራዬ ብሎ ሥራውን ለተወ፣ ሕዝቡ ግን በዓመት አንድ ሳምንት ብቻ ለሚያየው ሰው ማን ስፖንሰር ይሆነዋል? ተጫዋቾቹ ቢዲኦ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል አሉ። ድርጅቱ በበኩሉ የሚያስበው ለጥቂት ፕሮፌሽናሎች ብቻ ሳይሆን በየመጠጥ ቤቱ ለሚጫወተው ብዙ ሺህ ሰው ነበር። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ መነጋገሪያ ጠረጴዛ ግን አልነበራቸውም።

በ1992 መጀመሪያ ላይ ተጫዋቾችና ወኪሎቻቸው የዓለም ዳርት ምክር ቤት ብለው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በጥር 1993 በሌክሳይድ የምክር ቤቱን መለያ በሸሚዛቸው ላይ አድርገው ሲመጡ አንሡት ተባሉ። 16 ተጫዋቾች ከእንግዲህ በዓለም ሻምፒዮና የምንሳተፈው ምክር ቤቱ የሚያስተዳድረው ከሆነ ነው የሚል መግለጫ አወጡ። ከእነሱ መካከል በጊዜው የሚወዳደሩት የዓለም ሻምፒዮኖች በሙሉ ነበሩበት። በዚያው ዓመት ፍጻሜ የተገናኙት ጆን ሎውና አላን ዋሪነር ሁለቱም ከ16ቱ ነበሩ። ስፖርቱ አንድ ሆኖ ባካሄደው የመጨረሻ የዓለም ሻምፒዮና ዋንጫውን ያነሣው ሎው፣ ከቤቱ ሊወጣ ሻንጣውን ያሰረ ሰው ነበር።

በክሮፍት ዓይን ነገሩ ወርቅ ላበደረ ጠጠር ነበር። ቢዲኦ አመፀኞቹን ከራሱ ውድድሮች በሙሉ አገደ፤ በሚያዝያ ደግሞ እገዳው ከእነሱ ጋር በማሳያ ጨዋታ እንኳን የሚሰለፈውን ሁሉ እንዲነካ ወሰነ። በጥቅምት የዓለም ፌዴሬሽኑ እገዳውን ወደ ሌሎች አገሮች አስፋፋ። በእኔ ግምት የስሕተቱ ሁሉ ስሕተት ይህ ነበር። አንድ ድርጅት ከእኔ ጋር ያልሆነ በእኔ መድረክ አይጫወትም ማለት ይችላል። ልጅነቱን ባሳለፈበት ካውንቲ፣ ከሠፈር ጓደኛው ጋር እንዳይወረውር መከልከል ግን ከአስተዳደር አልፎ ቂም ይሆናል። ማይክ ግሪጎሪና ክሪስ ጆንስ ወደ ቢዲኦ ተመለሱ፤ የቀሩት 14ቱ ገፉበት።

ምክር ቤቱ የመጀመሪያውን የራሱን ሻምፒዮና በ1993 የገና ሰሞን በኤሴክስ ፐርፍሊት በሚገኘው ሰርከስ ታቨርን በ24 ተጫዋቾች አካሄደ። ስካይ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። ዴኒስ ፕሪስትሊ በፍጻሜው ፊል ቴይለርን 6 ለ1 አሸነፈ። በሌክሳይድም በጥር 1994 ካናዳዊው ጆን ፓርት ቦቢ ጆርጅን 6 ለ0 ረትቶ ከብሪታኒያ ውጭ የመጣ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ጀምሮ በየዓመቱ ጥር ሲገባ ዓለም ሁለት ሻምፒዮን ይኖራት ጀመር።

እዚህ ላይ ስለ ቴይለር ትንሽ ማለት ተገቢ ነው። በስቶክ ከተማ የመጸዳጃ ቤት ወረቀት መያዣ የሴራሚክ እጀታ እየሠራ በሳምንት 52 ፓውንድ ያገኝ ነበር። ችሎታውን ያየው ብሪስቶ ሥራውን ትቶ እንዲለማመድ ገንዘብ አበደረው። በ1990 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ቴይለር ያንኑ ብሪስቶን 6 ለ1 ረታ። ከዚያም በሁለቱ ቤቶች ተደምሮ 16 የዓለም ዋንጫ ሰበሰበ፤ 14ቱ ከመለያየቱ በኋላ የተገኙ ናቸው። ቴይለር ባይኖር ኖሮ አዲሱ ቤት ይቆም ነበር ወይ የሚለው ያከራክራል።

ጠቡ ወደ ፍርድ ቤት ገባ። የተጫዋቾቹ ክስ እገዳው በሙያቸው ሠርተው እንዳይኖሩ ከልክሏቸዋል የሚል ነበር። ክርክሩ ለዓመታት ተጎትቶ ሁለቱንም ወገን ካሟጠጠ በኋላ በሰኔ 1997 በስምምነት ተዘጋ። ቢዲኦ ተጫዋቾች የፈለጉበት የመወዳደር ነጻነት እንዳላቸው ተቀበለ። ምክር ቤቱም የስፖርቱ የበላይ አስተዳዳሪ ነኝ ማለቱን ትቶ የዓለም ፌዴሬሽኑን የበላይነት አወቀና ስሙን የፕሮፌሽናል ዳርት ኮርፖሬሽን አለው፤ ፒዲሲ። በወረቀት ላይ ያሸነፈው ነባሩ ወገን ይመስል ነበር። የበላይነቱን ስም ይዞ ቀረ፤ ተጫዋቾቹ ግን ወደሚከፈላቸው የመሄድ ነጻነት አገኙ። ቀስ እያሉም ሄዱ።

በ2001 ባሪ ኸርን የፒዲሲ ሊቀ መንበር ሆነ። ቦክስና ስኑከርን ሲያደራጅ የኖረ ነጋዴ ነው። በ2005 ዳርት በእንግሊዝ እንደ ስፖርት እውቅና አገኘ። በ2006 አራት ጊዜ የሌክሳይድ ሻምፒዮን የነበረው ኔዘርላንዳዊው ሬይመንድ ቫን ባርኔቬልድ ወደ ፒዲሲ ተሻገረ፤ በሚቀጥለው ጥርም በፍጻሜው ከቴይለር ጋር 6 ለ6 ደርሰው በመጨረሻዋ መለያ ጨዋታ አሸነፈ። ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ የፒዲሲ ሻምፒዮና በለንደን አሌክሳንድራ ፓላስ ይካሄዳል። በ2009 ኸርን ቢዲኦን ለመግዛት ጠየቀ፤ አልተሸጠም። በ2011 ክሮፍት ራሱ ካቋቋመው ድርጅት ቦርድ በድምፅ ተወገደ።

ቢዲኦ ከሠራቸው መልካም ነገሮች አንዱ የሴቶች የዓለም ሻምፒዮናን በ2001 መጀመሩ ነው፤ ትሪና ጋሊቨር የመጀመሪያዎቹን ሰባት ዋንጫዎች በተከታታይ፣ በጠቅላላው ደግሞ አሥር ወስዳለች። መጨረሻው ግን ያሳዝናል። በ2020 ሻምፒዮናውን ከሌክሳይድ አውጥቶ ወደ ለንደን ወሰደው፤ ትኬቱ በቅጡ አልተሸጠም። በ57 ዓመቱ የወንዶቹን ዋንጫ ያነሣው ዌልሳዊው ዌይን ዋረን 23 ሺህ ፓውንድ ብቻ ደረሰው፤ ከዓመት በፊት ሽልማቱ 100 ሺህ ነበር። ከሳምንታት በፊት በአሌክሳንድራ ፓላስ ፋለን ሼሮክ ሁለት ወንዶችን አሸንፋ፣ በፒዲሲ የዓለም ሻምፒዮና ጨዋታ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ነበር። የዓለም ዓይን ያለው የት እንደሆነ ከዚያ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም። በመስከረም 2020 ቢዲኦ ፈረሰ።

ዛሬ ፒዲሲ ባለጸጋ ነው። ሉክ ሊትለር በጥር 2025 በ17 ዓመቱ ሻምፒዮን ሲሆን 500 ሺህ ፓውንድ ተቀብሏል። ፒዲሲ ግን ኩባንያ ነው እንጂ ፌዴሬሽን አይደለም፤ የየካውንቲውን ሊግ የመምራት ግዴታ የለበትም። ያን ሸክም የያዙት የዓለም ዳርት ፌዴሬሽንና የየአገሩ ማኅበራት ናቸው። ፌዴሬሽኑ በ2022 የራሱን የዓለም ሻምፒዮና ወደ ሌክሳይድ መልሶ ጀመረ። በሴቶች ቦ ግሪቭስ በ2022፣ በ2023 እና በ2024 አሸንፋለች። በ2023 ፒዲሲ አንድ ተጫዋች በሁለቱም ሻምፒዮናዎች መሰለፍ አይችልም የሚል ደንብ በማውጣቱ ግሪቭስ አንዱን መምረጥ ነበረባት። በዚያ ዓመት የመረጠችው ሌክሳይድን ነው።