«ልጆቹን ያላንበረከከ ፈተና ፈተና አይደለም» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

እዚህ አዲስ አበባ አቃቂ በኩል፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለን ጥቂት ትምህርት ቤቶች በየሴሚስተሩ መጨረሻ የጋራ የሳይንስ ፈተና እናወጣለን፤ ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል። መምህራን ተሰብስበን ጥያቄ እንጽፋለን፣ ግማሹን እንጥላለን፣ እንጨቃጨቃለን። የማረሙና የማስተካከሉ ሥራ እኔ ላይ ስለሚወድቅ፣ ስለ ፈተና የሚወራው ሁሉ ጆሮዬ ይደርሳል። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር። አብዛኛው ስህተት ነው። ቀላል ቀላሉን ቶሎ ላንሳና ወደሚያንገበግበኝ ልሂድ።

«ካላወቅከው ‹ሐ› በል።» ልጆቹ ይህን የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥያቄ አውጪ መልሱን መሃል መሸሸግ ይወዳል። አማራጮቹ ቁጥር ከሆኑ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሯቸው፤ ካልሆኑ በዕጣ። «ረጅሙን አማራጭ ምረጥ» የሚሉትም እንደዚሁ ነው። አውጪው መልሱ ላይ እንዳይከራከሩት ማብራሪያ ይጨምርበታል፤ ሌሎቹን በሁለት ቃል ያልፋቸዋል። አንድም ቀን ክፍል ያልገባ ልጅ በማስመሪያ ለክቶ ሊያልፍ ነው።

«ምርጫ በግምት ይታለፋል።» አይታለፍም። 40 ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ አራት አማራጭ አለ እንበል። ሁሉንም በግምት ያጠቆረ ልጅ በአማካይ 10 ያገኛል። 20 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከሺህ አንድ አይሞላም። በግምት አለፈ የምትሉት ልጅ ወይ ኮርጇል፣ ወይ አማራጮቹ ራሳቸው መልሱን ሹክ ብለውታል፣ ወይ ደግሞ ያውቃል። ሦስተኛውን ማንም አያስበውም።

«አራት አማራጭ የግድ ነው።» ማን አለ? ማይክል ሮድሪገዝ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 የ80 ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ሦስት አማራጭ በአብዛኛው በቂ ሆኖ ነው ያገኘው። አራተኛው አማራጭ ብዙ ጊዜ ማንም የማይነካው መሙያ ነው። «ድንጋይ ይተነፍሳል» ብሎ ቦታ ከመሙላት ሁለት ጥሩ የተሳሳቱ መልሶችን ይዞ፣ በተረፈው ጊዜ ጥያቄ መጨመር ይሻላል።

«ጆንን አበበ ካልነው ጥያቄው የእኛ ሆነ።» ከቴሌግራም ቻናል የተገለበጠ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣልኛል። አበበ በበረዶ የተሸፈነ መንገድ ላይ ጨው ይበትናል። ለምን? የኛ ሰፈር ልጅ የሚያውቀው በረዶ ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮውን ደብድቦ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚጠፋውን ነው። ልጁ ሳይንሱ ሳይሆን ታሪኩ ነው የሚጠፋው። የጥላ ጥያቄም አለ፤ «በቀትር ጥላችን ወደ ሰሜን ይወድቃል» የሚል። አውሮፓ ላይ ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ቀትር ላይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ ጥላችንም ወደ ደቡብ ይወድቃል። ግቢ ወጥቶ አንድ እንጨት ማቆም ይበቃ ነበር።

«ምርጫ የሚለካው ሽምደዳን ብቻ ነው።» ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ የሽምደዳ ጥያቄ የሚያወጡት ናቸው። እስቲ ይህን እዩት። እኩል መጠን ያላቸው ሁለት የበረዶ ቁራጮች ከፍሪጅ ወጡ። አንዱ በጋቢ ተጠቀለለ፣ ሌላው ሳህን ላይ ተቀመጠ። ቶሎ የሚቀልጠው የትኛው ነው? ሀ. በጋቢ የተጠቀለለው። ለ. ሳህን ላይ ያለው። ሐ. ሁለቱም እኩል። የትኛውም መጽሐፍ ላይ መልሱ በቀጥታ አልተጻፈም። ብዙ ልጅ ‹ሀ› ይላል፤ ምክንያቱም ጋቢ ሙቀት ያመነጫል ብሎ ያምናል። ጋቢ ሙቀት አያመነጭም፣ ሙቀት ቶሎ እንዳያልፍ ያዘገያል እንጂ። ስለዚህ መልሱ ‹ለ› ነው። ‹ሀ› ያለው ልጅ ዜሮ ያገኘ ብቻ አይደለም፤ ምን እንዳልገባው ነግሮሃል። የተሳሳተ አማራጭ ከጭንቅላት አይፈጠርም። መጀመሪያ ጥያቄውን ያለ አማራጭ ለልጆቹ ስጥ፣ የጻፉትን ሰብስብ፣ ደጋግሞ የመጣውን ስህተት አማራጭ አድርገው። «ዛፍ ክብደቱን በአብዛኛው ከየት ያገኛል?» ስትል ከግማሽ በላይ «ከአፈር» ይሉሃል። ከአየር በሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውኃ መሆኑን መምህራንም ይከራከሩበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ልጆቹን ያላንበረከከ ፈተና ፈተና አይደለም።» ይህን ከወላጅ ሰምቻለሁ፣ ከርዕሰ መምህር ሰምቻለሁ፣ ከሁሉ በላይ ከመምህራን ሰምቻለሁ። በአንድ የወላጅ ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሱና «ልጄ ሳይንስ 92 አመጣ። ምን ዓይነት ፈተና ብትሰጡት ነው?» አሉ። «ልጅዎ አጥንቶ ነው» ብላቸው አልተዋጠላቸውም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ከ60 ተማሪ 7 ብቻ ያለፈበትን ፈተና በኩራት ያወራል። ወንድሜ፣ 53 ልጅ ከወደቀ ወይ አላስተማርክም፣ ወይ ያላስተማርከውን ጠይቀሃል። የሚያኮራው የቱ ነው?

ከጥር 2015 ወዲህ ነገሩ ብሷል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሰው ስለ ትምህርታችን ይደነግጣል ስል፣ «አሁን ገና ፈተና ሆነ» ማለት ጀመረ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ማን ይግባ የሚለውን ይለያል። የ5ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ ፈተና ሥራው ሌላ ነው። ልጁ የተማረውን ይዟል አልያዘም የሚለውን ማሳየት ነው። ክፍሉ በሙሉ የውኃ ዑደትን ከያዘ ክፍሉ በሙሉ ሊመልስ ይገባል። ምን ነውር አለው?

ደግሞም ከልክ በላይ የከበደ ፈተና አይለካም። ከ50 ኪሎ በታች የማያነብ ሚዛን ላይ የ4ኛ ክፍል ልጆችን ብታወጣቸው ሁሉም ዜሮ ናቸው። ትንሽ የጎደለውና ጨርሶ ያልገባው አይለዩም። ዓላማህ ተማሪ ከተማሪ መለየት ቢሆን እንኳ፣ አራት አማራጭ ያለው ጥያቄ በደንብ የሚለየው ከ100 ልጅ 60 ያህሉ ሲመልሱት ነው። 25ቱ በግምትም ይገኛል፤ ከ25 እስከ 100 ያለው እኩሌታ 62.5 ነው።

ከባድ የሚባለው ጥያቄ ግማሹ ከባድ ሳይሆን ብልሹ ነው። አንድ ጊዜ ለ7ኛ ክፍል «ውኃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል?» የሚል ወጣ። ሀ. 85፣ ለ. 93፣ ሐ. 100፣ መ. 110። የመልስ ቁልፉ ‹ሐ› ይላል። 100 ግን በባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ አቃቂ በኩል ከፍታዋ ወደ 2,100 ሜትር ነው፤ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ያልፋል። ከፍ ስንል የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውኃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። እኛ ሰፈር 93 አካባቢ፣ እንጦጦ ጫፍ ወደ 90። አንዲት መምህርት ደግሞ ቡታጋዝና ቴርሞሜትር አምጥታ ልጆቿን አስለክታቸው ነበር። በዓይናቸው ያዩት ልጆች ‹ለ› ብለው ተሳሳቱ ተባሉ። የቸከሉት ‹ሐ› ብለው አገኙ። አውጪው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጥያቄው ከበድ ስላለ ነው።»

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመያዝ ኮምፒውተር አያስፈልግም። 60 ወረቀት ካለህ በጠቅላላ ውጤት ከላይ ወደ ታች ደርድር። ከላይ 16፣ ከታች 16 ውሰድ፤ 27 ከመቶ ያህል ነው። መሃሉን ተወው። ከዚያ በእያንዳንዱ ጥያቄ ከላዮቹ ስንት፣ ከታቾቹ ስንት እንደመለሱ ቁጠር። ልዩነቱን ለ16 አካፍል። የውኃውን ጥያቄ ከላዮቹ 5፣ ከታቾቹ 9 ነበሩ የመለሱት። 5 ሲቀነስ 9፣ ለ16 ሲካፈል ‑0.25 ነው። ጎበዞቹ የሚስቱት፣ ሰነፎቹ የሚያገኙት ጥያቄ ማለት ነው። ከዜሮ በታች የወጣ ጥያቄ ካየህ መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን ተመልከት፣ ቀጥሎ አረፍተ ነገሩን። ከ0.3 በላይ ከሆነ አስቀምጠው፤ ለከርሞ ይሆናል። ሥራው ከሰዓት በኋላ ከሻይ ጋር ያልቃል። በእኛ ጉዳይ ‹ለ›ም ‹ሐ›ም ትክክል ተብለው ታረሙ። አውጪው እስካሁን ያኮርፈኛል።

እዚያው ሳለን፣ ጥያቄ መጻፍ ከመጀመርህ በፊት ሠንጠረዥ ሥራ። በአንድ በኩል ምዕራፎቹን፣ በሌላ በኩል ማወቅ፣ መተግበር፣ ማመዛዘን የሚሉትን ጻፍ። ከ40 ክፍለ ጊዜ 8ቱ ስለ ዕፅዋት ከነበረ ከ40 ጥያቄ 8 ያህሉ ስለ ዕፅዋት ይሁን። አውጪው የሚወደው ምዕራፍ ግማሹን ፈተና የሚይዘው ይህ ስለማይደረግ ነው። «ያልሆነው የቱ ነው» የሚለውንም ቀንሱት፤ ካልቀረላችሁ «ያልሆነው» ከሥሩ ይሰመርበት።

«ወረቀቱ አንድ ከሆነ ፈተናው አንድ ነው።» አይደለም። አንዱ ትምህርት ቤት 40 ደቂቃ ሰጠ፣ ሌላው አንድ ሰዓት። አንዷ መምህርት ጥያቄውን ጮክ ብላ አነበበች፣ ሌላው ጋዜጣውን ዘርግቶ ተቀመጠ። የአንዱ ፎቶ ኮፒ ላይ የልቡ ሥዕል ጥቁር እድፍ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ «እነሱ 71፣ እኛ 58» ብሎ መምህር መገሠጽ ቀልድ ነው። ሰዓቱ፣ መመሪያው፣ አስተራረሙ፣ የኅትመቱ ጥራት እንኳ አንድ ካልሆነ ውጤቱን ማወዳደር አይቻልም። 7ኛና 8ኛ ላይ ሳይንሱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ሦስት መስመር የሚሄድ ጥያቄ የንባብ ፈተና እንጂ የሳይንስ አይደለም። አሳጥሩት።

«ፈተና ምስጢር ስለሆነ ቀድሞ አይሞከርም።» ይህኛው ሰበብ ነው። ጥያቄዎቹን በፈተናው ወረቀት መልክ ሳይሆን በሦስት በአራት ከፋፍላችሁ፣ ፈተናውን የማይወስድ ትምህርት ቤት ውስጥ በክፍል ሥራ መልክ ስጧቸው። ሠላሳ ልጅ ይበቃል። ልጆቹ ሲጨርሱ ሁለት ሦስቱን ጠርታችሁ «ለምን ይህን መረጥክ?» በሏቸው። አውጪውን ግን አብራችሁ አታስቀምጡት፤ ልጁን ማስረዳት ይጀምራል።