ስለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሠርግ ቪዲዮ፣ የልጆች ፎቶግራፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የድርጅት የሂሳብ ሰነድ፤ ብዙ ሰው ዳግመኛ ሊያገኘው የማይችለውን ነገር ዛሬ የሚያኖረው ኪስ ውስጥ በሚገባ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ግዢውን የሚወስነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጓደኛ የተሰማ ምክር ወይም የሻጩ ቃል ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፉ ከኖሩት አመለካከቶች በርካቶቹ የተሳሳቱ በመሆናቸው፣ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ጥሩ ዕቃ ገዝቶም እንኳ መረጃውን ያጣል።

«ፋይሎቼን ሃርድ ዲስክ ላይ ስላስቀመጥኩ ባክአፕ አለኝ»

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። ላፕቶፑ ሲሞላበት ፎቶዎቹን ወደ ኤክስተርናል ዲስክ አዛውሮ ከላፕቶፑ ላይ የሚያጠፋ ሰው ባክአፕ አልሠራም፤ ብቸኛውን ቅጂ በቀላሉ ሊወድቅ፣ ሊሰረቅ ወይም የሆነ ቦታ ሊረሳ ወደሚችል ዕቃ አዛወረ እንጂ። ባክአፕ የሚባለው ዋናው ፋይል በቦታው እያለ ለብቻው የሚቀመጥ ሌላ ቅጂ ነው። በሙያው የተለመደው መመሪያ ሦስት ቅጂ እንዲኖር፣ ቅጂዎቹም ቢያንስ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ እንዲሆኑ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ወይም ከቢሮ ውጭ እንዲቀመጥ ያዛል። ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ለብዙ ሰው የተጋነነ ጥንቃቄ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ላፕቶፑን የወሰደ ሌባ አጠገቡ ያለውን ዲስክ አይተውም፤ እሳትም ሁለቱን አይለይም።

ለውጭው ቅጂ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚገኝ የፋይል ማስቀመጫ፣ ምቹ ነው፤ ሆኖም ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለአንድ ሠርግ ቀረጻ እንኳ የማይበቃ ሲሆን፣ ብዙ መቶ ጊጋባይት በሞባይል ዳታ መጫንም ለአብዛኞቻችን የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ለአንድ ውድ ዲስክ በተመደበው ገንዘብ ሁለት መጠነኛ ዲስኮች ገዝቶ አንዱን እህት ወይም ወንድም ቤት ማኖር እጅግ የተሻለ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ባክአፑ ሲያልቅ ዲስኩ ተነቅሎ መቀመጥ አለበት፤ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ያገኘውን ዲስክ ሁሉ አብሮ ይቆልፋልና። ፊልም ለማስጫን ከሱቅ ሱቅ የሚዞር ዲስክም የቤተሰብ ፎቶ ማኖሪያ ሊሆን አይገባም፤ ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ የሚዛመተው በዚሁ መንገድ ነው።

«ጥሩ ብራንድ ከሆነ አይበላሽም»

የሚሽከረከሩ ሳህኖች ያሉትን ሃርድ ዲስክ የሚያመርቱ ኩባንያዎች ዛሬ በዓለም ላይ ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታል እና ቶሺባ ናቸው። ሲጌት የሳምሰንግን የሃርድ ዲስክ ሥራ በ2011 እ.ኤ.አ. ገዝቷል፤ ዌስተርን ዲጂታል በ2012 እ.ኤ.አ. የሂታቺን ወስዷል፤ ላሲ የተባለው ብራንድም የሲጌት ነው። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስም ቢለያይም ውስጡ ያለው ዲስክ ከሦስቱ የአንዱ ነው። ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሚያስተዳድራቸው ዲስኮች ላይ የሚደርሰውን ብልሽት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይፋ ሲያደርግ የቆየ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት በአጠቃላይ የተበላሹት በዓመት ከ1 እስከ 2 በመቶ ናቸው፤ የአንዱ ኩባንያ ሞዴሎችም እርስ በርሳቸው በእጅጉ ሲለያዩ ይታያሉ። እነዚያ ዲስኮች ደግሞ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ የሚሠሩ እንጂ በቦርሳ ተይዘው በታክሲ የሚጓዙ አይደሉም። ረጅም ዋስትናም ቢሆን መረጃውን አይመልስም፤ አምራቹ በዋስትናው የሚተካው ባዶ ዲስክ ነው።

«ኤስኤስዲ ከሆነ ለዘላለም ይቆያል»

በሳህን ፈንታ በቺፕ ላይ የሚጽፈው ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው መውደቅንና መንገጫገጭን በእጅጉ ይቋቋማል፤ ፍጥነቱም ከባለ ሳህኑ ዲስክ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይሁን እንጂ መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ሲሆን፣ ይህ ቻርጅ ዕቃው ኃይል ሳያገኝ ሲቆይ ቀስ በቀስ ይደክማል። የኢንዱስትሪው ደረጃ አውጪ የሆነው ጄዴክ ለተራ ተጠቃሚ ኤስኤስዲ ያስቀመጠው መለኪያ፣ ሊጻፍበት የተወሰነለትን መጠን የጨረሰ ዕቃ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ኃይል መረጃውን ለ1 ዓመት እንዲጠብቅ ነው። አዲሱ ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ቢሆንም መሳቢያ ውስጥ ተከቶ ለዓመታት እንዲረሳ የተሠራ አይደለም። በየዕለቱ ይዞ ለሚዞር ሰው ኤስኤስዲ፣ ከቤት ለማይወጣ ማኅደር ደግሞ ባለ ሳህን ዲስክ ብለን ብንመርጥ ገንዘቡም አይባክንም።

«ሃርድ ዲስክ ውስጥ አየር የለም»

ይህ ስህተት ለእንደ እኛ ያለ ከፍተኛ ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው ከእውቀት ጉድለት በላይ ነው። የተለመደው ባለ ሳህን ዲስክ ውስጥ አየር አለ፤ ሄድ የተባለው አንባቢ ክፍል ሳህኑን ሳይነካ በናኖሜትር በሚለካ ርቀት የሚንሳፈፈውም ሳህኑ ሲሽከረከር የሚያንቀሳቅሰው አየር ስለሚደግፈው ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሄዱ ወደ ሳህኑ ይቀርባል። በዚህ ምክንያት በአብዛኞቹ ዲስኮች መግለጫ ላይ የሥራ ከፍታ ገደብ ሆኖ የሚገኘው 3,048 ሜትር ነው። 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዲስ አበባም ሆነች 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ከገደቡ በታች ስለሆኑ ነዋሪዎቻቸው ሊሰጉ አይገባም። በሰሜን ተራሮች ግን የሳንቃበር ካምፕ ከ3,200 ሜትር፣ ጨነቅ ደግሞ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የሚቀርጽ ወይም የሚያጠና ሰው ፋይሉን ኤስኤስዲ ላይ ይገልብጥ፤ ባለ ሳህኑን ዲስክ ጠፍቶ መያዝ ጉዳት የለውም፣ ማብራቱን ግን ደባርቅ ሲወርድ ያድርገው።

«1 ቴራባይት ከፍዬ 931 ጊጋባይት ሰጡኝ»

እዚህ ላይ ማንም አላታለለም። አምራቹ 1 ቴራባይት የሚለው 1,000,000,000,000 ባይትን ሲሆን፣ ዊንዶውስ ግን አንድ ጊጋባይትን በ1,073,741,824 ባይት ስለሚቆጥር ያው መጠን 931 ሆኖ ይታያል። የሚያሳዝነው በዚህ የሚጠራጠር ሰው እውነተኛውን ማታለል አምኖ መግዛቱ ነው። መዳፍ የምታህል «16 ቴራባይት» ኤስኤስዲ በርካሽ ስትቀርብ ውስጧ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ነው፤ መጠኑን እንዲዋሽ ስለተደረገ ፋይሉን የተቀበለ ይመስላል፣ ከእውነተኛው መጠን በኋላ የተጻፈው ግን ይጠፋል። ከዩኤስቢ ገመድ ብቻ ኃይል የሚያገኝ ባለ ሳህን ዲስክ እንኳ በ2024 እ.ኤ.አ. የደረሰው 6 ቴራባይት ላይ ነበር። ስለዚህ ማንኛውም አዲስ ዲስክ አንድም ፋይል ሳይቀመጥበት ሙሉውን በመጻፍና መልሶ በማንበብ ይፈተሽ፤ ለዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብልዩ፣ ለማክና ለሊኑክስ ኤፍ3 የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ይህን ይሠራሉ። በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ ለመሙላቱ ብቻ ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል፤ ሻጩ ዕቃውን መልሶ ሊቀበል በሚችልባቸው ቀናት ውስጥ ከተሠራ ግን ጊዜው የሚቆጭ አይደለም።

«ሊበላሽ ሲል ምልክት ያሳያል»

አንዳንዱ ያሳያል። ዲስኮች የራሳቸውን ጤና የሚመዘግቡበት ስማርት የተባለ ሥርዓት አላቸው፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ሲታይ የተተኩ ወይም ሊነበቡ ያልቻሉ ሴክተሮች (መረጃ የሚጻፍባቸው የዲስኩ ትናንሽ ክፍሎች) ቁጥር መጨመር ከጀመረ ዲስኩን ወዲያውኑ መለወጥ ይገባል። ይሁንና የጉግል ተመራማሪዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን አጥንተው በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ከተበላሹት መካከል ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዋና ዋናዎቹን አራት የስማርት ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም ነበር። ምልክት አለመኖሩ የጤንነት ማረጋገጫ አይደለም ማለት ነው።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ደጋግሞ እየሰኩ መሞከር ሄዱ ሳህኑን እንዲፍቅ ያደርጋል፤ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ የሚለው ምክርም ውስጡ ጤዛ እንዲቋጥር ከማድረግ ያለፈ ጥቅም የለውም። ገመዱ ወዲያውኑ ተነቅሎ ዲስኩ ሳይከፈት መረጃ ለሚመልስ ባለሙያ መድረስ አለበት፤ ሌላ ቅጂ ያለው ሰው ግን ይህን ወጪ ሳያወጣ አዲስ ዲስክ ገዝቶ ፋይሎቹን መልሶ ይገለብጣል።