ሴቶች የሚመሯቸው የሮክና የሜታል ባንዶች፦ ከሐዋሳ ሆኖ ለሚያዳምጥ

ሐዋሳ ላይ ባጃጅ ስትሳፈሩ ብዙ ጊዜ የሚቀበላችሁ ሬጌ ነው። ሻሸመኔ ቅርባችን ናት። ሬጌ ካልሆነ የሲዳምኛ ዘፈን፣ ወይም ሰሞኑን የወጣ የአማርኛ ነጠላ ዜማ ይሆናል። ከባድ ጊታር የሚከፍት ሹፌር እስካሁን አልገጠመኝም። እኔ ይህን ሙዚቃ ያገኘሁት በፍላሽ ነው። ሙዚቃ ቤት ዘፈን ሳስጭን ሳላዝዘው አብሮ የገባ ፋይል ነበር፤ የዘፋኝም የዘፈንም ስም የለውም። በፒያኖ ይጀምራል። አንዲት ሴት በቀስታ ትገባለች። ከዚያ ጊታሩ እንደ ክረምት ነጎድጓድ ይወርዳል። ያን ቀን ደጋግሜ ሰማሁት። ባንዱ ኤቫነሰንስ፣ ዘፋኟ ኤሚ ሊ እንደሆኑ ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኘሁ ኖሮ የምለውን እዚህ ልጻፈው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። አምፕሊፋየር (የጊታሩ ድምፅ ማጉያ) ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የኤሌክትሪክ ጊታሩ ድምፅ ይሻክራል። ይህ ሻካራነት ዲስቶርሽን ይባላል። የሃርድ ሮክም የሜታልም መሠረት እሱ ነው። ሃርድ ሮክ ከብሉዝ ብዙ አልራቀም። ሜታል የበለጠ ይከብዳል፤ ከበሮ መቺውም ብዙ ጊዜ ትልቁን ከበሮ በሁለት እግሩ ይመታል። «ሴት የምትዘፍንበት ሜታል» የሚባል ስልት ግን የለም። እኔም ስፈልግ የጀመርኩት እንዲህ ብዬ ነው፤ ብዙዎቹ ድምፃውያት ግን አጠራሩን አይወዱትም። እውነታቸውን ነው። አንዷ ኦፔራ የተማረች ናት፣ አንዷ እንደ አንበሳ ታገሳለች፣ ሌላዋ ብሉዝ ታንጎራጉራለች። ሴት በመሆናቸው ብቻ አንድ ከረጢት ውስጥ ቢከተቱ አድማጩ ግራ ይጋባል።

ታሪኩ ረጅም ነው። በ1970ዎቹ አን እና ናንሲ ዊልሰን የተባሉ እህትማማቾች ሃርት የተባለውን የሲያትል ባንድ ከፊት ሆነው መሩ። አን ትዘፍናለች፣ ናንሲ ጊታር ትጫወታለች። በ1977 የወጣው «ባራኩዳ» የተባለ ዘፈናቸው ዛሬም ሲጀምር ያስደነግጣል። በ1975 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ገና ሃያ ያልሞላቸው ልጃገረዶች ዘ ራናዌይስን መሠረቱ። ከእነሱ አንዷ ጆን ጄት ናት። ባንዱ ሲበተን ብዙ አሳታሚዎች እምቢ አሏት፤ እሷም የራሷን አሳታሚ አቋቋመች። በ1982 «አይ ላቭ ሮክ ኤንድ ሮል» የተባለው ዘፈኗ በአሜሪካ የነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ 7 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። እንግሊዝ ውስጥ በ1978 የተመሠረተው ገርልስኩል ከዘፋኝ እስከ ከበሮ መቺ ሁሉም ሴቶች ነበሩ። ጀርመን ውስጥ ድምፃዊቷ ዶሮ ፔሽ ዋርሎክ ከተባለው ባንድ ጋር ተነሣች።

ለእኔ ግን ነገሩ የሚጣፍጠው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ቲያትር ኦፍ ትራጀዲ የተባለው ባንድ አንድ ዘዴ አስለመደ፦ ወንዱ ያጉረመርማል፣ ሊቭ ክሪስቲን በለሆሳስ ትመልሳለች። በ1995 የኔዘርላንዱ ዘ ጋዘሪንግ ከአኔከ ቫን ጊርስበርገን ጋር «ማንዲልዮን» የተባለውን አልበም አወጣ። እሷ የሚያጉረመርም ወንድ አላስፈለጋትም፤ ያን ሁሉ ክብደት ብቻዋን ተሸከመችው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1996፣ ሁለት ባንዶች ተወለዱ፦ ኔዘርላንድ ውስጥ ዊዚን ቴምፕቴሽን ከሻሮን ደን አዴል ጋር፣ ኪቴ በምትባል ትንሽ የፊንላንድ ከተማ ውስጥ ናይትዊሽ።

ናይትዊሽ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዘፈኖቹን በአብዛኛው የሚጽፈው ኪቦርድ ተጫዋቹ ቱኦማስ ሆሎፓይነን ነው። የመጀመሪያዋ ድምፃዊት ታርያ ቱሩነን የክላሲካል ድምፅ ትምህርት ነበራት። ዲስቶርሽን ያለው ጊታር ዝቅተኛውንና መካከለኛውን ድምፅ ይሞላዋል። ከፍ ያለ ጥርት ያለ የሴት ድምፅ ደግሞ ከላይ ባዶ ቦታ ያገኛል። ስለዚህ አይጋፉም፤ አንዱ መሬት፣ ሌላው ሰማይ ይሆናሉ። በጥቅምት 2005 ባንዱ ታርያን አሰናበተ፤ ምክንያቱንም በግልጽ ደብዳቤ አሳወቀ። አኔተ ኦልዞን በ2007 ቦታዋን ያዘች። ለስላሳ ድምፅ ነበራት፤ ብዙ አድማጭ ከታርያ ጋር እያወዳደረ ያለ አግባብ አስቸገራት ባይ ነኝ። በ2012 በኮንሰርት ጉዞ መካከል ከባንዱ ስትለይ ፍሎር ያንሰን ደረሰች። ፍሎር ኦፔራውንም ሮኩንም ጩኸቱንም ትችላለች። አንድ ዘፈን በሦስቱም ድምፅ አዳምጡ። ድምፃዊት ስትቀየር ባንድ ምን ያህል እንደሚቀየር ያኔ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ማገሳቱ። የስዊድኑ አርች ኤነሚ በ2001 «ዌጅስ ኦፍ ሲን» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ድምፃዊቷ ጀርመናዊቷ አንጌላ ጎሶ ነበረች። ለታናሽ እህቴ ሳሰማት «እንዴ፣ ሴት ናት?» ብላ አላመነችኝም። ቪዲዮውን ማሳየት ነበረብኝ። ይህ ድምፅ ዝም ብሎ መጮህ አይደለም። ዘፋኟ ትንፋሽዋን ከሆዷ ትገፋለች፤ ከድምፅ አውታሮቹ በላይ ያሉት እጥፋቶች ይንቀጠቀጣሉ። በትክክል ከተሠራ አያምም፤ ያለ ልምምድ ከተሞከረ ጉሮሮ ይጎዳል። ፉከራና ሽለላ እየሰማ ላደገ ሰው ደግሞ በድምፅ ማስፈራራት እንግዳ ነገር አይደለም። የዩክሬኑ ጂንጀር ድምፃዊት ታትያና ሽማይሉክ «ፓይሲስ» በሚለው ዘፈን መጀመሪያ እንደ ላባ ቀልላ ትዘፍናለች። ማገሳቱ ሲመጣ ሌላ ሰው የገባ ይመስላል። ሌላ ሰው የለም።

«የሰይጣን ሙዚቃ ነው» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። እማዬም ደንግጣ ነበር። አንድ ቀን «ምንድን ነው የምትለው?» ስትለኝ «ሄሎ» የሚለውን የኤቫነሰንስ ዘፈን ተረጎምኩላት። ኤሚ ሊ በልጅነቷ ታናሽ እህቷን በሞት አጥታለች፤ ዘፈኑ ስለ እሷ ነው። እማዬ ዝም ብላ ሰማችና «ነፍሷን ይማር» አለች። ከዚያ ወዲህ አጥፋው ብላኝ አታውቅም።

አዲስ ባንድ እንዴት ይገኛል? ዘፋኟን መከተል ነው። ፍሎር ያንሰንን ወደ ኋላ ከተከተላችሁ አፍተር ፎርኤቨር ላይ ትደርሳላችሁ። ያንን ባንድ ከመሠረቱት አንዱ ማርክ ያንሰን ነው። እሱ ሲወጣ ሲሞን ሲሞንስ የምትዘፍንበትን ኤፒካን አቋቋመ። ሌላው መንገድ የእንግዳ ዘፋኞች ዝርዝር ነው። ኔዘርላንዳዊው አርየን ሉካሰን ኤርየን በሚለው ሥራው ብዙ ድምፃውያንን ይሰበስባል፤ በ1998ቱ «ኢንቱ ዘ ኤሌክትሪክ ካስል» ላይ ሻሮንም አኔከም አሉ። አንድ አልበም አውርዶ ብዙ በር መክፈት ማለት ነው። እኔ የሌሊት ፓኬጅ ገዝቼ አወርድና ቀን ላይ እሰማለሁ።

መነሻችሁ ኦፔራ ካልሆነ ሃሌስቶርም አለ፤ ሊዚ ሄል ከወንድሟ ጋር የመሠረተችው የአሜሪካ ሃርድ ሮክ ነው። የሚላኑ ላኩና ኮይልም አለ። ጥቁር ሴት ፊት ለፊት ቆማ ማየት የሚፈልግ ስከንክ አናንሲን ይፈልግ፤ ድምፃዊቷ ስኪን በ1999 የግላስተንበሪን (የእንግሊዝ ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል ነው) ዋና መድረክ የመዝጊያውን ዝግጅት አቅርባ ዘግታለች። ከኢንዶኔዥያ ደግሞ ቮይስ ኦፍ ባቼፕሮት አሉ። ሒጃብ የለበሱ ሦስት ወጣቶች ናቸው፤ በ2014 ጋሩት ውስጥ ጀምረው በ2024 እነሱም ግላስተንበሪ ደረሱ።

ከእኛ ጃኖ ባንድ አለ። «ኤርታሌ» የተባለው አልበማቸው በ2012 ወጣ፤ ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ከአራቱ ድምፃውያን ሁለቱ፣ ሔዋን ገብረወልድ እና ሃሌሉያ ተክለጻድቅ፣ ሴቶች ነበሩ። ሜታል ነው አልልም፤ ሮክ ነው። ባለ አምስት ድምፁ ቅኝታችን ግን ዲስቶርሽን ላይ ሲቀመጥ ምንም አይጎረብጥም፤ የሮክ ጊታሪስቶችም ቢሆኑ ከጥንት ጀምሮ ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ይወዳሉ። ለማያውቅ ጓደኛ የማስቀድመው እነሱን ነው። ቀጥሎ ኤቫነሰንስ፣ ቀጥሎ ናይትዊሽ። አርች ኤነሚን ለሌላ ቀን እተዋለሁ። ቦታው ፍቅር ሐይቅ ዳር ነው፤ ማታ ነፋሱ ሲነሣ፣ ኢርፎኑን አንድ አንድ ጆሮ ተካፍለን።